ከደሴ እስከ ኦሮራ፦ አሥራ ዘጠኙ ደረሰኞች

የአሜሪካ መንግሥት ለአንድ ኪሎ ተኩል ቋንጣ ወረቀት ጽፎልኛል። ወረቀቱ ደሴ፣ ቤቴ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ያላመነ መጥቶ ማየት ይችላል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በገቢዎች መሥሪያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት አብረውኝ ለሠሩ ጓደኞቼ ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ በተገናኘን ቁጥር «አሜሪካ እንዴት ነበር?» ትሉኛላችሁ፤ ልናገር አፌን ስከፍት ደግሞ ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ታዞሩታላችሁ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ለማታውቁኝ፣ ስሜ የሺእመቤት ነው። የደሴ ነጋዴ ግን በዚህ ስም አያውቀኝም፤ «ወይዘሮ ደረሰኝ» ነው የሚለኝ። ሊሰድቡኝ ያወጡት ስም ነው፤ እኔ እንደ ማዕረግ ተቀበልኩት። የትም ቦታ፣ ምንም ነገር ገዝቼ ደረሰኝ ሳልጠይቅ ወጥቼ አላውቅም። ያልጠየቅሁት ሊስትሮን ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 6 ቀን 2011። ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ወረድኩ። ደብረ ሲና ምሳ ስንበላ አስተናጋጁ ሒሳቡን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ አሳየኝ። «ይህንን እጅህን ቆርጠህ ትሰጠኛለህ?» አልሁት። ደረሰኝ እስኪያመጣ ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ ጠበቀኝ፤ ስገባ አውቶቡሱ ሙሉ አጉረመረመብኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ «ተዉአት፣ ሥራዋ ነው» አሉ። ጡረታ መውጣቴን አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ። ማታ ተሳፈርኩ። ስለ አውሮፕላን ብዙዎች ስለጻፉ አልደግመውም። እግሬ አበጠ፣ ሩዙ ጨው አልነበረውም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ዋሽንግተን ደረሰች።

ዓርብ። ዋሽንግተን የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፈተ። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውን እያወጣ ሲጠይቀኝ የእያንዳንዱን ደረሰኝ አከታትዬ ሰጠሁት። በአማርኛ የተጻፈ ቢሆንም ማኅተሙን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ቋንጣው ላይ ሲደርስ ግን ሥጋ አይገባም ብሎ ወሰደው። ሕግ ሕግ ነው፤ አልተከራከርኩም። «ደረሰኙስ?» ብቻ አልሁት። አስተርጓሚ ጠርቶ ምን እንዳልኩ ሲገባው ሳቀ፤ ግን ቁጭ ብሎ «ይህን ያህል ቋንጣ ከወይዘሮ የሺእመቤት ተወስዷል» የሚል ቅጽ ሞልቶ፣ ፈርሞ ሰጠኝ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሳልጨቃጨቅ ደረሰኝ የሰጡኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ይህ ሰው አንዱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዴንቨር ደረስኩ። የአየር ማረፊያው ጣሪያ የሠርግ ድንኳን በድንኳን ላይ የተደረደረ ይመስላል። ልጄ ማስተዋል ከድንኳኑ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። በዲቪ ከሄደች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእቅፏ ሳትለቀኝ፣ «እማዬ፣ ውሃ በብዛት ጠጪ። እዚህ ከፍታው ከባድ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ያመዋል» አለችኝ። የዴንቨር ሰው ከተማው ከፍታ ላይ በመሆኑ በጣም ይኮራል፤ በየሱቁ፣ በየካናቴራው ላይ ጽፎታል። ወደ ቤት ስንሄድ፣ ደሴ ከዴንቨር ስንት መቶ ሜትር ሽቅብ እንደምትገኝ ስነግራት ልጄ መኪና መንዳቱን ትታ አየችኝ። እኔ እንግዲህ አሜሪካ የሄድኩት ቁልቁል ወርጄ ነው!

ቤቷ ከዴንቨር ጋር የተያያዘችው ኦሮራ ከተማ ነው። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ሰሞን ቴክሳስ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መኝታ ቤቷን ለቃ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች። ብከራከራትም አልሰማችኝም፤ በዚህ እንኳ እኔን ነው የወጣችው።

ቅዳሜ። በረዶ ጥሎ አደረ። የመኪናው በር ግግር ብሎ አልከፈት ሲለን የጎረቤት ቤት ሰውዬ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው፣ በፒጃማ ወጥቶ ትልቅ ቢላ በመሰለ ፕላስቲክ ፋቀልን። ደሴም ቢሆን ውርጭ አለ፤ ግን መኪና ቆልፎ አያስቀርም።

ነዳጅ ማደያ ቆምን። ማስተዋል «ፓርክ ላድርግና እኔ እቀዳለሁ» ብላ ወረደች፤ እኔም ተከትያት ወረድኩ። ቀድታ ስትጨርስ ማሽኑ መስኮቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ። ምን እንደሚል ስጠይቃት «ደረሰኝ ይፈልጋሉ ወይ ነው የሚለው» አለችኝ። እኔ እድሜ ልኬን ሰው እየለመንኩ የኖርኩትን ነገር እዚህ ማሽኑ ራሱ ይለምናል! አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር አዎ የሚለውን የምጫነው እኔ ሆንኩ።

ከዚያ ቢሮዋን አሳየችኝ። ሀቫና የሚባል መንገድ ላይ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ ምዕራብ ስለሆነ በረዶ የለበሱት ተራሮች ፊት ለፊት ይታያሉ። ማስተዋል አየር ማረፊያው አጠገብ መኪና በሚያከራዩበት መስኮት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ ማታ ማታ ሒሳብ አያያዝ ተምራ ነው ይህችን ቢሮ የከፈተችው። በሩ ላይ ስሟ ተጽፏል። እጄን በፊደሎቹ ላይ አሳለፍኩ፤ አላፍርበትም።

ሥራዋን እንዲህ አስረዳችኝ። የአገራችን ሾፌሮች ግብር ለማሳወቅ የሚመጡት በዓመት አንድ ሰሞን ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢሮዋን የሚያቆማት አንድ ሥራ ነው፤ እሱም የጣሊያን። እዚያው ዴንቨር አጠገብ ቶርንተን የሚኖሩ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሰው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ካለችው እህታቸው ከወይዘሮ አልማዝ ጋር በሽርክና በርበሬና የጤፍ ዱቄት ጣሊያን ላሉ ምግብ ቤቶች ያከፋፍላሉ። የሽያጭ ሰነዱን፣ ኢንቮይስ የሚሉትን፣ እያዘጋጀች የምትልክላቸው ማስተዋል ናት።

አሁን ጓደኞቼ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይህ ለእኛ የተነገረ ነው። ጣሊያን ከዚህ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ ጀምሮ አዲስ ሕግ አውጥታለች። ነጋዴ ለነጋዴ ሲሸጥ ኢንቮይሱን በቀጥታ ለገዢው መስጠት ቀርቷል። በኮምፒዩተር ወደ መንግሥት ማዕከል ይልከዋል። ማዕከሉ ይመረምረዋል፤ ትክክል ከሆነ ለገዢው ያስተላልፍና ለሻጩ «አድርሻለሁ» የሚል ደረሰኝ ይመልሳል። ስህተት ካገኘ ሰነዱን ይጥለዋል፤ የተጣለ ሰነድ ደግሞ እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው፤ አርሞ ለመላክ አምስት ቀን ይሰጣል። እኛ በየሱቁ በእግራችን ስንኳትንበት የኖርነውን ሥራ አንድ ማሽን መሐል ላይ ተቀምጦ ይሠራዋል! እንባዬ መጣ ብላችሁ አትስቁብኝ።

«አንቺስ፣ ደረሰኙ ይደርስሻል?» አልኳት።

«እማዬ፣ ኤሌክትሮኒክ ነው። ሰብሚት አደርጋለሁ፣ አለቀ። ረቡዕ ለት አሥራ ዘጠኝ ልኬያለሁ» አለችኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሏል ይሄ ነው።

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስለት ሰጥቼ ደረሰኝ ስጠይቅ ገንዘብ ያዡ ደነገጠ፤ ማስተዋል አንገቷን ደፋች። ሰውየው ግን መሳቢያ ሲፈትሽ ቆይቶ ደረሰኝ አገኘና «እናታችን፣ ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም እንቆርጣለን» አለኝ። አምስት ሰው ምሳ ጋበዘኝ፤ ማንንም ላለማስቀየም ሁለት ቦታ በላሁ።

ጋሽ ተፈራንም እዚያ አገኘኋቸው። ሰባ ዓመት የተጠጋቸው፣ በሱዳን በኩል በስደት ሄደው አሜሪካ የኖሩ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። «ልጅዎ ጎበዝ ናት» አሉኝ። ቀጥለው፣ «አልማዝ ግን ፈርታለች። ሕጉ አዲስ ነው፤ አንድ ጣሊያናዊ የሒሳብ ባለሙያ ሥራውን በሙሉ እኔ ልያዘው ብሏል። ማክሰኞ ለት እሺ ወይም እንቢ ማለት አለብኝ» አሉ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ማስተዋል መሪውን ይዛ፣ «ይሄ ሥራ ከሄደ ቢሮውን መዝጋቴ ነው፤ ወደ መኪና ማከራየቱ እመለሳለሁ» አለችኝ። በሩ ላይ የተጻፈው ስሟ ታየኝ።

ሰኞ። የነነዌ ጾም የገባበት ቀን ነው፤ ለእነሱ ደግሞ የፕሬዚዳንቶች በዓል ስለሆነ ሁሉም ዝግ ነበር። ቁርስ ስለሌለ ሁለታችንም ወሬ ብቻ ነበር የያዝነው። እኔም ጠየቅሁ።

«የረቡዑን ደረሰኝ እስቲ አሳይኝ።»

«እማዬ፣ ፕሊስ! ልኬያለሁ አልኩሽ እኮ።»

«መላክሽን መች ጠየቅኩሽ? መድረሱን ነው።»

«የጃንዋሪውን ቼክ አድርጌ ሁሉም ኦኬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቼክ አላደረግኩም። መልሱ የሚሄደው እትዬ አልማዝ ኢሜይል ላይ ነው፤ ችግር ቢኖር ይደውሉ ነበር።» ድንገት ድምፅዋ ከፍ አለ። «ዕድሜ ልኬን ደረሰኝ፣ ደረሰኝ! ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ደብተር ልገዛ ስሄድ ‘ለወይዘሮ ደረሰኝ ልጅ አልሸጥም’ ብሎ ሰው ፊት እንደመለሰኝ ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያ ሳምንት ባለሱቁን ቀጥቼው ነበር። እያለቀሰች ስትመጣ እጇን ይዤ ፒያሳ ወሰድኳት፣ ደብተሩን ገዛሁላትና ደረሰኙን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ያስተማርኳት መስሎኝ ነበር።

«ያን ቀን አቅፌሽ አብሬሽ ማልቀስ ነበረብኝ» አልኳት። «አላደረግኩም። ይቆጨኛል።»

አፍንጫዋን ጠረገችና ስልኳን አነሳች። «እሺ፣ ደውዬ ላረጋግጥልሽ፤ ከዚያ ግን ይበቃሻል።»

ወይዘሮ አልማዝ ድምፃቸው ደስ ይላል። «የቱ ኢሜይል? ያ ጣሊያንኛው? እሱማ ማስታወቂያ እየመሰለኝ ከፍቼው አላውቅም» አሉ። የይለፍ ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን በተሰጣቸው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጽፈውት ኖሮ ከግድግዳ አውርደው አነበቡልን። ማስተዋል ከፈተችው። አሥራ ዘጠኝ መልእክት ተደርድሯል። አንዱን አንብባ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሁሉንም ሪጀክት አድርጎታል። ቀኑ ገና አልደረሰም ይላል። ጁን ላይ ተሽጦ እንዴት ፌብሩዋሪ ላይ ይላካል ነው የሚለው።»

«ቀኑን የሚሞላው ማነው?»

«ቦሎኛ ያለው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ሠንጠረዥ ላይ ቀንና ወር ይሞላል፤ ዓመቱን ፕሮግራሙ ራሱ ያስገባል፤ እኔ በአንዴ እልከዋለሁ። የድሮው ለቆ በዚህ ወር አዲስ ሰው ገብቷል። ከወልዲያ ነው፤ ጣሊያን ከገባ ሁለት ወሩ ነው።»

ሠንጠረዡን አዞረችልኝ። አራት በስድስት። አራት በስድስት። አምስት በስድስት። መነጽሬን እንኳ አላጠለቅሁም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ጁን አይደለም። የካቲት ነው! ስድስተኛው ወር። ልጁ ባደገበት አቆጣጠር ነው የጻፈው። የካቲት አራት፣ የካቲት አምስት!»

ማስተዋል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ከረቡዕ አምስት ቀን ማለት ዛሬ ነው። የጣሊያን እኩለ ሌሊት በዴንቨር ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ኮቷን እየለበሰች፣ «ፊክስ አድርገን እንላክና ለጋሽ ተፈራ ከዚያ እንነግራቸዋለን። ወይም አንነግራቸውም» አለችኝ።

«እኔ ስህተቱን ራሱ ይዞ የመጣ ነጋዴ ቀጥቼ አላውቅም።»

«አንቺ አልቀጣሽም። እሳቸው ቢቀጡኝስ?»

ቁልፏን አንስታ ወጣች። መኪናው ውስጥ ስትገባ ግን ራሷ ደወለችላቸው፤ ምንም ሳትደብቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። «እሺ» ብቻ አሉና ዘጉ። መንገዱን ሙሉ ያቺ «እሺ» አብራን ሄደች።

የምትልክበት ፕሮግራም ያለው ቢሮዋ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሕንፃው ጭር ብሏል፤ ክፍሉ እንደ ደሴ የታኅሣሥ ንጋት ይቀዘቅዛል። ማስተዋል በጓንት መጻፍ አቅቷት ጣቷን በትንፋሿ እያሞቀች ጀመረች። እኔ ቀኑን አነባለሁ፣ ወደ እነሱ አቆጣጠር እቀይራለሁ፤ እሷ እያንዳንዱን ሰነድ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ትሞላለች። «የካቲት አራት፣ ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ።» ሁለቱን ጨርሰን ሦስተኛው ላይ ስንደርስ በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ተፈራ ናቸው። በአንድ እጃቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ በሌላው ጋቢ ይዘዋል።

«እዚህ ሕንፃ ጥበቃ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ። «በበዓል ቀን ሙቀቱን እንደሚያጠፉት አውቃለሁ።» ማሞቂያውን ከማስተዋል እግር ሥር ሰኩት፣ ጋቢውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጄ ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ጣቷ ግን ፈጠነ። ሰባተኛው ላይ እኔ ሳል ሲይዘኝ ማንበቡን እሳቸው ተቀበሉኝ። «የካቲት አምስት፣ ፌብሩዋሪ አሥራ ሁለት» እያሉ፣ ልክ እንደ ዳዊት ደጋሚ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተላኩ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ምግብ አልቀመስንም፤ ጾሙ ባይኖርም የሚበላ አልነበረም። ማስተዋል ደቂቃው በሞላ ቁጥር ኢሜይሉን ታድሳለች። የመጀመሪያው ደረሰኝ ሲመጣ ሦስታችንም ተነሳን። ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ አሥረኛው መጣ፤ ጋሽ ተፈራ ድምፅ ሳያሰሙ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አሥራ ስምንት ደርሷል። አንዱ ቀረ።

ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ልጄ ወንበሯን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳበች። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። ለመጸለይ አፌን ስከፍት የመጣልኝ ግን ያው የኖርኩበት ቃል ነበር፤ ጌታዬ፣ ደረሰኙን አልሁ።

መጣ። ማስተዋል ጮኸች። እኔም ጮኽሁ፤ ባዶ ሕንፃ ውስጥ የሚሰማን እንኳ አልነበረም።

ጋሽ ተፈራ ቆባቸውን አወለቁ። «ጣሊያናዊው ጎበዝ ነው፤ ሕጉን በቃሉ ያውቀዋል» አሉ። «የካቲትን ግን ከየት ያውቀዋል?» ከዚያ ለእህታቸው ደወሉ፤ እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ሳይተኙ ይጠብቁ ኖሯል። «አልማዝ፣ ሥራው እዚሁ ልጄ ጋ ይቆያል። አንቺም ያንን ኢሜይል በየቀኑ ክፈቺ። የግምጃ ቤቱን ልጅ ደግሞ አትቆጪው፤ ቀኑን አልተሳሳተም።»

ወደ እኔ ዞረው፣ «ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ልጅ አሳድገዋል» አሉኝ። ሽልማት ወስጄ አላውቅም፤ መሥሪያ ቤታችን ለጡረታዬ የሰጠኝ ብርድ ልብስ ነው። ያቺን ቃል ግን በብርድ ልብስ አልለውጣትም። ኮራሁ። በራሴ አይደለም፤ ልትደብቅ ስትችል ስልኩን ባነሳችው ልጄ ነው የኮራሁት።

ማክሰኞ እና ከዚያ በኋላ። የቀረውን አሥር ቀን ምን ልንገራችሁ? ተራሮቹን በቅርብ አየሁ፤ እንደ ደሴው ተራራችን እንደ ጦሳ ግን ፍቅር አልያዘኝም። ሌክውድ የሚባል ቦታ አንዲት የአገራችን ሴት ቤት ቡና ተጠርቼ የቤቷን በር ስቼ የጎረቤቷን አንኳኩቼ፣ ጎረቤቷ ኬክ ቆርጣ ሰጥታኝ ነው የሸኘችኝ። ማስተዋል ፕሮግራሟን አሠርታ የወልዲያው ልጅ በራሱ አቆጣጠር እንዲጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ እንዲቀይርለት አደረገች። በየማለዳው ሻይ ከመጠጣቷ በፊት የደረሰኙን ሳጥን ትከፍታለች። እኔ አላልኳትም።

የመመለሻዬ ቀን። ከነዚያ ድንኳኖች ሥር ደረስን። ፍተሻው ጋ ሳልደርስ ውሃ እንድጠጣ ብላ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ገዛችልኝ። ጠርሙሱን ይዛ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቆመች፤ ተመልሳ ለሻጯ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች። ሻጯ ትከሻዋን ሰብቃ ማሽኑን ተጫነች። ልጄ ትንሿን ወረቀት ይዛ መጣችና፣ ዓይኔን ሳታይ፣ ከጠርሙሱ ጋር እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አቀፍኳት፣ ያኔ ያላቀፍኳትንም ጨምሬ። ውሃውን ፍተሻው ሳልደርስ ጠጥቼ ጨረስኩት። ደረሰኙ ግን እዚህ ደሴ፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከቋንጣው ወረቀት በላይ አለ።